የመዝገብ ምልክትና የመርማሪ ዐይን

ብልህ አስተዳዳሪ አደጋ ከደረሰ በኋላ ከማዘን ይልቅ ሳይደርስ አስቀድሞ ይጠነቀቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌ ይህንኑ ያስተምራል፤ ነገር ግን እሳትን በቅጠል መትቶ ማጥፋት የሚቻለው በጊዜው ሲታይ ነው። ስለዚህ በፋብሪካም ሆነ በመጋዘን፥ በሆስፒታልም ሆነ በመሥሪያ ቤት፥ የእሳት ማጥፊያው መሙላቱን፥ የመውጫው በር አለመዘጋቱን፥ የኤሌክትሪኩ ሽቦ አለመላጡን፥ የግምጃ ቤቱም ቁልፍ በታመነ እጅ መሆኑን በየጊዜው መመርመር ይገባል። ይህ ምርመራ በሰው ትዝታ ላይ ብቻ እንዳይጣል፥ የሚታየው ነገር ሁሉ በተራ የሚጻፍበት ወረቀት የመመርመሪያ ዝርዝር፥ በተለመደው አጠራር ቼክሊስት ይባላል። ዛሬ ደግሞ ዝርዝሩ ከወረቀት ወጥቶ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ በሚሠራ ሶፍትዌር ይያዛል።

የዝርዝሩ ጥቅም ጐልቶ የታወቀው በአውሮፕላን ሥራ ነው። በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጥቅምት 19 ቀን 1928 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ግዛት፥ ራይት ፊልድ በሚባለው ሜዳ፥ ቦይንግ ሞዴል 299 የተባለው ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ለፈተና ተነሥቶ ወዲያው ወደቀና ተቃጠለ፤ ከውስጡ ከነበሩትም ሁለቱ በደረሰባቸው ጉዳት ሞቱ። ነገሩ ሲመረመር ምክንያቱ የመሣሪያ ብልሽት ሆኖ አልተገኘም፤ አውሮፕላኑ በምድር ቆሞ ሳለ ነፋስ መሪዎቹን እንዳያወዛውዝ የሚይዘው መቈለፊያ ሳይፈታ ቀርቶ ነበር። አብራሪዎቹ በሙያቸው የተመሰገኑ ነበሩ፤ ያጠፋቸው አለማወቅ ሳይሆን መርሳት ነው። ከዚህ በኋላ አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት የሚያዩትን ሁሉ በአጭር ዝርዝር ጽፈው እያነበቡ መፈጸም ያዙ፤ ያም አውሮፕላን ቢ 17 ተብሎ ከ12,000 በላይ ተሠራ።

ይሁን እንጂ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ የተጻፈው ነገር ለሚያስፈልገው ሰው በሚያስፈልግበት ሰዓት መድረስ አለበት። ለዚህ እጅግ የሚያሳዝን ምስክር የሚሆነው ከስኮትላንድ ጠረፍ ርቆ በሰሜን ባሕር ላይ ቆሞ የነበረው፥ ፓይፐር አልፋ የተባለው የነዳጅና የጋዝ ማውጫ ነው። ሰኔ 29 ቀን 1980 ዓ.ም. ከሁለቱ ፓምፖች የአንደኛው የደኅንነት ቫልቭ ለምርመራ ተነሥቶ፥ የቧንቧው አፍ ለጊዜው በብረት ክዳን ተሸፈነ። ሥራው እስከ ማታ ባለማለቁ የቫልቩን ነገር የሚገልጸው ወረቀት ለብቻው ተቀመጠ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ሲል ሁለተኛው ፓምፕ ቆመ። ተረኞቹ ስለ አንደኛው ፓምፕ እድሳት የሚናገረውን ሌላ ወረቀት አገኙ፤ እድሳቱም ገና እንዳልተጀመረ አይተው ፓምፑን ማስነሣት ይቻላል ብለው አሰቡ። ስለ ቫልቩ የሚናገረውን ወረቀት ግን አላዩም። ፓምፑን ባስነሡት ጊዜ ጋዙ በክዳኑ በኩል ወጥቶ ተቀጣጠለ፤ በዚያች ሌሊት 167 ሰዎች ሞቱ። ነገሩን የመረመሩት ሎርድ ከለን በኅዳር 1983 ዓ.ም. በወጣው መግለጫቸው 106 ምክሮች ሲሰጡ፥ የሥራ ፈቃዱ ወረቀት እንደ ደንቡ ሳይያዝ ይሠራበት እንደ ነበር ገለጹ። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ስፍራ ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ ፓምፑ ባልተነሣም ነበር።

በሶፍትዌር የተያዘ ዝርዝር የሚጠቅመው በዚሁ ላይ ነው። መርማሪው በዕቃው ወይም በበሩ ላይ የተለጠፈውን ኪው አር ኮድ በስልኩ ካሜራ ሲያነብ፥ ስለዚያ ዕቃ የተጻፈው ሁሉ በአንድነት ይከፈትለታል። ጥያቄዎቹን በተራ ይመልሳል፤ ጉድለት ቢያገኝ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ሶፍትዌሩም ቀኑን፥ ሰዓቱንና የመርማሪውን ስም ይመዘግባል። ጉድለት መኖሩ እንደ ተጻፈ ለሚያበጀው ሰው ትእዛዙ ከነቀጠሮው ይደርሰዋል፤ ቀጠሮው ቢያልፍም ነገሩ ለበላይ ኀላፊ ይገለጻል። ዝርዝሩ ሲሻሻል አዲሱ በየቅርንጫፉ ባንድ ጊዜ ይደርሳል፤ የቀድሞውም ማን እንደ ለወጠው እየታወቀ ይቀመጣል። ነገር ግን የትኛው የጥበቃ ካሜራ እንደ ተበላሸ፥ የትኛውም በር እንደማይቈለፍ የሚናገር መዝገብ ለሌባ መንገድ መሪ ስለ ሆነ፥ ማን ሊያየው እንደሚገባ መወሰን ከሁሉ በፊት ያስፈልጋል።

ዳሩ ግን ሶፍትዌሩ የሚጠብቀው መዝገቡን እንጂ ቤቱን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2000 ዓ.ም. ለቀዶ ሕክምና የሚሆን ዝርዝር አወጣ፤ በስምንት ከተሞች በሚገኙ ሆስፒታሎች ተፈትኖ በጥር 2001 ዓ.ም. በታተመው ጥናት፥ የሟቾች ቍጥር ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ዝቅ ማለቱ ታየ። በካናዳ በኦንታሪዮ ግዛት ግን ዝርዝሩ በግዴታ ከታዘዘ በኋላ በ101 ሆስፒታሎች የተደረገውና በመጋቢት 2006 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ይህን የሚያህል ለውጥ አላገኘም፤ ሆስፒታሎቹ ግን ዝርዝሩን ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል እንደሚፈጽሙ ያስታውቁ ነበር። ስለ ምክንያቱ ሊቃውንት ቢከራከሩም፥ ምልክት ማድረግና ሥራውን መፈጸም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙዎች አስገንዝበዋል። በወንበሩ ላይ ተቀምጦ አርባ ጥያቄ በአንድ ደቂቃ «ደኅና ነው» እያለ የሚጨርስ ሰው መዝገብ አልጻፈም፤ በሐሰት መሰከረ እንጂ።

ስለዚህ የኀላፊው ብልሃት ምልክቱን ከመቍጠር ያልፋል። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጉድለት ያልተጻፈበት መዝገብ ቢቀርብለት ከመደሰቱ በፊት ሊጠራጠር ይገባዋል፤ ምርመራው ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀ ከሶፍትዌሩ ይመልከት፥ አልፎ አልፎም ራሱ ወርዶ በሩን ይግፋ፥ የእሳት ማጥፊያውን ያንሣ። ዝርዝሩ አጭር ይሁን፤ ሲዘጋጅም በስፍራው የሚሠራው ሰው ይጠየቅ። ጉድለቱን ያበጀው ሰው ራሱ «ተፈጽሟል» ብሎ እንዳይዘጋው፥ ሌላ ሰው አይቶ ያረጋግጥ። ከሁሉም በላይ ጉድለትን የገለጸ ሠራተኛ እንደ ከሳሽ አይታይ፤ እውነት የተናገረ የሚቀጣበት ቤት ሁልጊዜ ደኅና ነው ተብሎ ይጻፍለታል፥ እስኪቃጠል ድረስ።

በኢትዮጵያም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011፥ አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እንዲያደርግና በሥራ ላይ የሚደርሰውን አደጋ እንዲመዘግብ ያዛል። ትእዛዙ በብራናም፥ በወረቀትም፥ በሶፍትዌርም ቢፈጸም የሚጠየቀው ሰው ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንደ ተባለ፥ መዝገብ የተመለከተውን ነገር ለተተኪው ያወርሳል፤ ያልታየውን እንደ ታየ አድርጎ የጻፈ ግን ለተተኪው የሚያወርሰው አደጋውን ነው።