ከሥራው በፊት የፖስታ ሳጥኑ

ጀርመን አገር ደመወዝ የሚጀምረው ከቤት ነው። የሥራ ውል ፈርሞ፣ ቪዛ ተመትቶለት፣ ከቦሌ ተነስቶ ፍራንክፈርት ያረፈ ባለሙያ ይህ የሚገባው ቢሮ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ የግብር መለያ ቁጥር ይጠይቀዋል። ቁጥሩ የሚመጣው በፖስታ ነው፤ ፖስታው የሚላከው ማዘጋጃ ቤት ወደተመዘገበ አድራሻ ነው፤ አድራሻ ለማስመዝገብ አከራይ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። አከራዩ ደግሞ የሦስት ወር የደመወዝ ደረሰኝ አምጣ ይላል። መች ደመወዝ ተበላና ደረሰኝ ይምጣ!

ነባሮቹ ከዚህ አዙሪት የሚወጡበትን ያውቃሉ። ቋሚ ቤት ፍለጋውን ለጊዜው ትተው፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ዕቃ የተሟላለት ጊዜያዊ ቤት ወይም ሰዎች በጋራ ከያዙት ቤት አንድ ክፍል ይከራያሉ። ሲከራዩም ከዋጋው እኩል የሚጠይቁት ነገር አለ፦ እዚህ ቤት አንሜልዱንግ፣ ማለትም የነዋሪነት ምዝገባ፣ ይቻላል ወይ? አንዳንዱ አከራይ፣ በተለይ ራሱ ተከራይ ሆኖ ለሌላ የሚያከራየው፣ ወረቀቱን መፈረም አይፈልግም። እንዲህ ያለው ቤት የቱንም ያህል ቢረክስ ለአዲስ ገቢ አይሆንም። ሕጉ ቤት በተገባ በ2 ሳምንት ውስጥ ተመዝገቡ ይላል፤ ያሳለፈ እስከ 1,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። እንደ በርሊን ባሉ ትልልቅ ከተሞች የምዝገባ ቀጠሮ ማግኘት ራሱ ፈተና ስለሆነ፣ አድራሻውን አስቀድሞ የያዘ ሰው ቀጠሮውን ገና አዲስ አበባ እያለ በኢንተርኔት ቢይዝ ይቀለዋል።

መመዝገቢያው ቅጽ ላይ ሃይማኖት የሚል መስመር አለ። አበሻ ይህን ሲያይ ሳያንገራግር ይሞላል፤ ማን ሃይማኖቱን ይደብቃል? መስመሩ ግን ከደመወዝ ጋር የተያያዘ ነው። ካቶሊክ ወይም ወንጌላዊ ተብሎ የተመዘገበ ሠራተኛ የቤተ ክርስቲያን ግብር ይከፍላል። ይህም ከገቢ ግብሩ ላይ ተሰልቶ በባየርንና በባደን ቩርተምበርግ 8 በመቶ፣ በቀሩት ግዛቶች 9 በመቶ ነው። ዐሥራት ማውጣት ለለመደ የመካነ ኢየሱስ ምእመን ሐሳቡ እንግዳ አይሆንም፤ የሚያስደነግጠው ማንም ሳይነግረው ከደመወዝ ወረቀቱ ላይ ሲያገኘው ነው።

ከዚያ የፖስታ ሳጥኑ ይመጣል። የግብር ቁጥሩ፣ የባንክ ካርዱ፣ የካርዱ ሚስጥር ቁጥር፣ የጤና መድን ካርዱ፣ ሁሉም አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሱት በደብዳቤ ነው። ብዙ ሕንፃዎች ውስጥ አፓርታማዎቹ ቁጥር የላቸውም፤ የሚለዩት በሳጥኑና በደወሉ ላይ በተጻፈው ስም ነው። ስሙን ያላገኘ ፖስተኛ ደብዳቤውን ወደ ላኪው ይመልሰዋል።

የኢትዮጵያ ስም እዚህ ላይ የራሱን ጣጣ ያመጣል። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም ስለሌለው፣ በፓስፖርቱ አጻጻፍ መሠረት የአባት ወይም የአያት ስም በዚያ ቦታ ይገባል። ባል በእሱ ወገን፣ ሚስት በእሷ ወገን፣ ልጆቹ ደግሞ ከሁለቱም በተለየ ስም ይመዘገባሉ። አንድ ቤተሰብ ሦስት የቤተሰብ ስም አለው ማለት ነው። ሦስቱም ሳጥኑ ላይ መለጠፍ አለባቸው፤ የልጆቹ ስም ከቀረ የልጆቹ ደብዳቤ ተመላሽ ነው። ቋሚው የስም ሰሌዳ እስኪሠራ፣ ቁልፍ በተረከቡበት ቀን በወረቀት ጽፎ በፕላስተር መለጠፍ የተለመደ ነው፤ ማንም አይስቅም።

ስሙ ከተለጠፈ በኋላ ሳይጋበዝ የሚደርስ ደብዳቤም አለ። የሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መዋጮ ነው፤ በወር 18.36 ዩሮ። ቴሌቪዥን የለኝም ማለት አያድንም፤ ክፍያው የተጣለው በቤቱ ላይ ነውና። በጋራ የሚኖሩ ሰዎች ግን አንዱ ከፍሎ ሌሎቹ ሊጋሩት ይችላሉ።

ቋሚ ቤት ፍለጋው የሚከፈተው ሦስት የደመወዝ ወረቀት ሲጠራቀም ነው። ማስታወቂያ ላይ ካልት የሚለው ባዶ ኪራዩ ነው፤ ቫርም ሲባል ማሞቂያና የሕንፃው ወጪ ተጨምሮበታል። መብራት ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ውስጥ የለም፤ ለብቻው ውል ይገባበታል። ማስያዣ ከሦስት ወር ባዶ ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ ተከራዩ በሦስት ወርሃዊ ክፍያ ልክፈል ካለም ሕጉ ይፈቅድለታል። አከራዮች ሹፋ የሚባለውን የብድርና የክፍያ ታሪክ ማስረጃም ይጠይቃሉ። ትናንት ከገባ ሰው ሹፋ መጠየቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ስለዚህ በምትኩ የሥራ ውሉንና አሠሪው የሚጽፍለትን ደብዳቤ ያያይዛል።

ነባሮቹ ከሁሉ በላይ የሚያስጠነቅቁት ግን ስለ አጭበርባሪው ነው። ቤቱ መሀል ከተማ ነው፣ ፎቶው ያምራል፣ ኪራዩ ግማሽ ዋጋ ነው፣ ባለቤቱ ግን ውጭ አገር ስለሆነ ቁልፉን በፖስታ ይልካል፤ ማስያዣው ብቻ ይቅደም። ቤቱን በዓይን ሳያዩ፣ ውል ሳይፈርሙ ብር አይላክም።

በመጨረሻ የተገኘው ቤት በሩ ሲከፈት ኩሽናው ባዶ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ምድጃ የለም፣ ዕቃ ማጠቢያ የለም፣ ጣሪያው ላይ አምፖል የሌለው ሽቦ ተንጠልጥሏል። ለቃቂው ተከራይ ኩሽናውን ነቅሎ ሄዷል፤ የእሱ ንብረት ነዋ። አንዳንዱ ሳይነቅል ለአዲሱ ገቢ ይሸጥለታል፤ ዋጋው ላይ መከራከር ነውር የለውም።

ኩሽናው ከተተከለ በኋላ የአበሻ ቤት ፈተና ጭስ ነው። በመኝታ ክፍሎችና መውጫ በሆነው ኮሪደር ላይ የጭስ ጠቋሚ መግጠም በመላው አገሪቱ ግዴታ ነው። ቡና እየቆሉ በር ከፍቶ ለማሽተት ማዞር፣ አዲስ አበባ እንግዳን ማክበር ነው፤ እዚህ ኮሪደሩ ላይ ያለው ክብ ነጭ ነገር መጮህ ይጀምራል፣ ጎረቤት ደወል ይደውላል። የለመዱት የኩሽናውን በር ዘግተው፣ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው፣ በትንሽ በትንሹ ይቆላሉ። ዕጣኑም እንዲሁ።

ሻንጣ ሲዘጋጅ እናቶች የማያውቁት ሕግ ደግሞ አለ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ተጓዥ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። ቋንጣው፣ ንጥር ቅቤው፣ ዓይቡ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። በርበሬና ሽሮ ግን ወተትም ሥጋም የለባቸውም።

ቢሮው ከዚህ ሁሉ አንጻር ቀለል ይላል። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ደመወዝ ሲገባ ዝም የሚያሰኝ ልዩነት ይታያል። ከውሉ ላይ ካለው ቁጥር ለጡረታ 9.3 በመቶ፣ ለሥራ አጥነት መድን 1.3 በመቶ፣ ለሕዝብ ጤና መድን 7.3 በመቶና የመድን ድርጅቱ የሚጠይቀው ተጨማሪ መዋጮ ግማሽ፣ ከዚያ የእንክብካቤ መድን፣ ከዚያ ግብር ይነሳል። ብቸኛ ሠራተኛ እጁ ላይ ሲደርስ ሲሶ ያህሉ ሄዶ ነው። ትዳር ይዞ ሚስቱን አዲስ አበባ የተወም ለግብር እንደ ላጤ ነው የሚቆጠረው፤ እሷ መጥታ ስትመዘገብ ነው የግብር ምድቡ የሚቀየረው። ብሉ ካርድ የሚባለውን የባለሙያ መኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው ሚስት ወይም ባል ለመምጣት የጀርመንኛ ፈተና ውጤት አይጠየቁም።

የሙከራ ጊዜው እስከ 6 ወር ነው፤ በዚህ ጊዜ አሠሪም ሠራተኛም በ2 ሳምንት ማስጠንቀቂያ መለያየት ይችላሉ። አዲስ ገቢው በዚህ የተነሳ ትኩሳት ይዞት እንኳ ቢሮ ይሄዳል። ባልደረቦቹ ይህን እንደ ትጋት አያዩለትም፤ ጉንፋኑን ይዞልን መጣ ብለው ያማርራሉ። ትክክለኛው ነገር የሥራ ሰዓት ከመድረሱ በፊት ለአለቃ ማሳወቅ ነው። ሕመሙ ከ3 ቀን ካለፈ የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ውሉ ከመጀመሪያውም ቀን ሊጠይቅ ይችላል። ከ2023 ጀምሮ የሕዝብ ጤና መድን ያለው ሠራተኛ ማስረጃ ለአሠሪው የሚደርሰው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ሥራ ከጀመረ 4 ሳምንት ያለፈው ሰው ሲታመም እስከ 6 ሳምንት ሙሉ ደመወዙን ያገኛል።

ልደትም አለ። ጀርመን ቢሮ ውስጥ ኬክ የሚያመጣው ባለ ልደቱ ራሱ ነው። ባልደረቦቹ ያስታውሱኛል ብሎ ባዶ እጁን የመጣ፣ ቀኑ እንዲሁ ያልፍበታል። ድፎ ዳቦ ይዞ የመጣ ግን አንድም ቁራሽ አይተርፈውም።

በሳምንት 5 ቀን የሚሠራ ሰው ሕጋዊ የዓመት ፈቃዱ ቢያንስ 20 ቀን ነው፤ ብዙ ውሎች እስከ 30 ያደርሱታል። የአበሻ በዓል የሚሸፈነው ከዚሁ ነው። ሙኒክና ሽቱትጋርት ያለ ሰው ጃንዋሪ 6 ዝግ ስለሆነ የገናን ዋዜማ ያለ ፈቃድ ያገኛል፤ ገናውን ግን በጊዜ ካልጠየቀ ከኮምፒውተሩ ጋር ያከብረዋል።

መኪና የሚነዳም የቀን መቁጠሪያ ያስፈልገዋል። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ነዋሪ ከሆኑ በኋላ የሚሠራው ለ6 ወር ነው። ከዚያ በኋላ የጽሑፉንም የመንገዱንም ፈተና እንደ አዲስ መውሰድ ነው፤ የጽሑፉ ፈተና በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ይሰጣል፣ በአማርኛ የለም።

በዓመቱ አጋማሽ የገባ ሰው ደግሞ አንድ ያልጠበቀው ገንዘብ ሊኖረው ይችላል። ከየወሩ ደመወዝ ግብር የሚቆረጠው ዓመቱን ሙሉ እንደሠራ ተቆጥሮ ስለሆነ፣ ግብሩን ሲያሳውቅ ብዙ ጊዜ ተመላሽ ያገኛል። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ያገኘውን ደመወዝ አብሮ መጻፍ አለበት፤ የግብር መጣኔውን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። የማሳወቅ ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ለማቅረብ 4 ዓመት አለው፤ የ2025ቱን እስከ 2029 መጨረሻ ማስገባት ይችላል።