የገበጣ ዳኛ

ዳኛ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ችሎት ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ኳስ ሜዳ ላይ ፊሽካ የሚነፋውም ዳኛ ነው። በድሮ ጊዜ ደግሞ የተጣሉ ሰዎች ያገኙትን መንገደኛ አስቁመው «ዳኘን» ይሉት ነበር፤ ይኸውም የመንገድ ዳኛ ይባል ነበር። እኛ የምንነጋገረው ስለ ገበጣ ዳኛ ነው።

ሁለት እረኞች መሬት ቆፍረው ሲጫወቱ ዳኛ አያሻም። ቢጨቃጨቁም ተሳስቀው ያልፋል። ነገር ግን አንድ የደባርቅ ልጅና አንድ የዳባት ልጅ በገበያ ቀን ለውድድር ቢቀመጡ፣ ሰውም ዙሪያውን ቢከብ፣ ጨዋታው በዱላ ሊያልቅ ይችላል። ምክንያቱ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም። የገበጣ ደንብ እንደየአገሩ ይለያያል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉ ከመቶ በላይ የገበጣና መሰል ጨዋታዎችን ገልጸዋል። አንዱ ተጫዋች «የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈች ተራህ አለቀ» ይላል። ሌላው «የለም፣ ፊት ለፊቷ ያለውን እበላለሁ» ይላል። ሁለቱም ያደጉበትን ነው የሚናገሩት፤ ታዲያ ማንን ውሸታም እንበል?

ስለዚህ የዳኛው ዋና ሥራ ከጨዋታው በፊት ነው። ስንት ረድፍ? በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር? መቼ ይበላል? እያለ ሁለቱንም ይጠይቃል። የተስማሙበትን በወረቀት ይጽፍና ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ፊደል የቆጠረ ሰው እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከዚያ ወዲያ «በእኛ ቀዬ እንዲህ አይደለም» የሚል ቢመጣ ወረቀቱ ይነበባል እንጂ ጉልበተኛው አይሰማም።

ሁለተኛው ቆጠራ ነው። 2 ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ከሆነ ጠቅላላው 48 ነው። የተበላውና መሬት ላይ ያለው ተደምሮ 47 ከመጣ አንዷ ሣር ውስጥ ወድቃለች፣ አለዚያም በአንዱ መዳፍ ውስጥ ናት።

በውጭ አገር ደግሞ ዳኝነቱ ትምህርት የሆነበት የካርታ ጨዋታ አለ። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሂሳብ ምሁር የፈጠረው ማጂክ የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1993 ወጣ። እያንዳንዱ ካርታ የራሱ ሕግ ተጽፎበታል፤ ዛሬ የካርታው ዓይነት ከ20 ሺህ በላይ ነው። ይህን ሁሉ በቃሉ የሚይዝ የለም። ዳኛ መሆን የሚፈልግ ሰው የደንቡን መጽሐፍ ያጠናል፣ ይፈተናል፣ ከነባር ዳኞች ጎን ቆሞ ይለማመዳል። ተጫዋች እጁን አውጥቶ ሲጠራው ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ደንቡን ይነግራል። «ይህን ብትጫወት ይሻልሃል» ማለት ግን ክልክል ነው። በፍርዱ ያልተስማማ ለዋናው ዳኛ ይግባኝ ይላል፤ የዋናው ዳኛ ቃል የመጨረሻ ነው።

ለእኛም ገበጣ ይህ ይስማማል። ምክር መወርወር የተመልካች አመል ነው፤ ዳኛው ግን አፉን ይሰብስብ። ለይግባኙም የማንኛቸውም ዘመድ ያልሆኑ አንድ ሽማግሌ አስቀድሞ ቢመረጡ መልካም ነው።

ጀማሪው በልጆች ጨዋታ ላይ እየዳኘ ይልመድ። ከሁሉ የሚከብደው ፍየል ገብታ ጠጠሩን የበተነችው እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ ዳኛው በየጉድጓዱ ምን ያህል እንደነበረ ሁለቱን ለየብቻ ይጠይቃል። ቃላቸው ከተገናኘ ጠጠሩ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ካልተገናኘ ጨዋታው እንደ አዲስ ይጀመራል።