የተማሪ ውጤት በሚነበብ ጽሑፍ ቢቀመጥስ?

ፕሮግራም ሲዘጋ በውስጡ የነበረው መረጃ የት ይሄዳል? የኮምፒውተር ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይጠይቁናል።

እንበልና እዚህ ኪሱጉ የምናስተምር መምህራን የውጤት መያዣ ፕሮግራም በጃቫ ጻፍን። በፕሮግራሙ ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ኦብጀክት ነው፤ ስም አለው፣ ክፍል አለው፣ ውጤት አለው። መብራት ሲጠፋ አብሮ እንዳይጠፋ ወደ ፋይል መጻፍ አለብን።

አንዱ መንገድ ባይነሪ ነው። በጥቂት መስመር ኮድ ጃቫ ራሱ ኦብጀክቱን ወደ ፋይል ይገለብጥልናል። በኖትፓድ ብንከፍተው ግን የምናየው ዝብርቅርቅ ምልክት ነው። ከዚህ የባሰም አለ። በሚቀጥለው ተርም ክላሱ ላይ «የሳይንስ ውጤት» የሚል ቦታ ብንጨምር የክላሱ መለያ ቁጥር ይለወጥና ጃቫ አሮጌውን ፋይል አላነብም ይላል (ቁጥሩን አስቀድመን እኛው ካልሰጠነው በቀር)። መቼም ስደተኛ ባለበት አይቆይም፤ ፕሮግራሙን የጻፈው መምህር ሦስተኛ አገር ቢሄድ የልጆቹ ውጤት እዚያው ታስሮ ይቀራል።

ሌላው መንገድ ጽሑፍ ነው፤ ለምሳሌ ኤክስኤምኤል፦

<ተማሪ>
<ስም>አበበ</ስም>
<ሒሳብ>78</ሒሳብ>
</ተማሪ>

ፕሮግራሙ ባይኖር እንኳ ይህንን ማንም አንብቦ ወረቀት ላይ ሊገለብጠው ይችላል።

በነገራችን ላይ ኤክስኤምኤል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ አማርኛ ውስጡ ይጻፍ እንጂ «ተማሪ» የሚለውን የምልክት ስም በፊደላችን መጻፍ አይፈቀድም ነበር። ደንቡ የተመሠረተበት ዩኒኮድ 2.0 ፊደላችንን አልያዘም፤ ፊደላችን የገባው በ1999 በ3.0 እትም ነው። በ2004 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.1 ፈቀደ፣ በ2008 ደግሞ የ1.0 አምስተኛ እትም። ስለዚህ አሮጌ አንባቢ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ፋይል ስህተት ነው ቢላችሁ አትደንግጡ፤ የምልክቶቹን ስም ብቻ በላቲን ፊደል ቀይሩ።

ፋይሉን ሴቭ ስታደርጉ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ምረጡ። አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ፋይሉም ከባይነሪው ሊተልቅ ይችላል፤ ለጥቂት መቶ ተማሪ ግን ከአንድ የስልክ ፎቶ አይበልጥም።

«የሚነበብ ከሆነ ሌላ ሰውስ አያነበውም?» ያነበዋል። ግን ባይነሪም ቁልፍ አይደለም፤ በላቲን የተጻፈ ስም በዝብርቅርቁ መሃል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለስደተኛ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በየትኛውም መንገድ ብታስቀምጡ ፋይሉን በፓስወርድ ዝጉት፤ የስደተኛ መታወቂያ ቁጥርም አትጻፉበት።