የወተት ጥርስ መውለቅ፣ ልማዱና ለአንደኛ ክፍል ትምህርት ያለው ጠቀሜታ

እንደሚታወቀው፣ ሕፃናት ትምህርት ቤት በሚገቡበት በስድስትና በሰባት ዓመት ዕድሜ የወተት ጥርሳቸው መውለቅ ይጀምራል። በአንደኛ ክፍል አንዱ ተማሪ የሚነቃነቅ ጥርሱን በምላሱ ሲገፋ፣ ሌላው የወለቀውን በመዳፉ ይዞ ሲያሳይ፣ ሦስተኛውም አፉን በእጁ ሸፍኖ ሲናገር ማየት የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ ትምህርትን እንደሚያውክ ጥቃቅን ነገር ተቆጥሮ ይታለፋል። ሆኖም ሕፃኑ ማንም ሳያስገድደው ስለ ገዛ አካሉ የሚጠይቅበት ጊዜ ይህ ነው። ከዚህም በላይ፣ የሁሉም ዓይን በወለቀው ጥርስ ላይ ባረፈበት ሰዓት፣ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ሌላ ጥርስ ማንም ሳያስተውለው በአፉ ጥግ ይበቅላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መምህራን ነባሩን ልማድ መነሻ አድርገው ይህን ጥርስ ለተማሪውና ለወላጁ እንዴት ሊያስተዋውቁ እንደሚችሉ ማስረዳት ነው።

፩. ልማዱና ትርጉሙ

በአገራችን በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ የወለቀ ጥርስ ከቤት ጣሪያ ላይ ይወረወራል። በሚወረወርበት ጊዜ የሚባለው ቃል ከአካባቢ አካባቢ ቢለያይም፣ ፍሬ ነገሩ አሮጌውን ሰጥቶ የተሻለ አዲስ መለመን ነው። ልማዱ የእኛ ብቻ አይደለም። በጃፓን የታችኛው ጥርስ ወደ ጣሪያ፣ የላይኛው ደግሞ ወደ ወለሉ ሥር ይጣላል፤ አዲሱ ጥርስ ወደዚያው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ እንዲያድግ በመመኘት ነው። በስፔን ጥርሱን ከትራስ ሥር ወስዳ ስጦታ የምትተወው አይጥ ናት፤ ሉዊስ ኮሎማ የተባሉት ካህን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለሕፃኑ ንጉሥ ለአልፎንሶ 13ኛ የጻፉት ተረት ፔሬዝ የተባለችውን አይጥ ዝነኛ አድርጓታል። በአሜሪካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋው ልማድ ደግሞ ጥርሱን ወስዳ በምትኩ ገንዘብ የምታስቀምጥ ክንፍ ያላት ረቂቅ ፍጡር እንዳለች ይተርካል።

እነዚህ ልማዶች መልካቸው ይለያይ እንጂ ተግባራቸው አንድ ነው። ከአካሉ አንድ ክፍል በደም ተለይቶ ሲወድቅ ያየ ሕፃን መፍራቱ አይቀርም። ልማዱ ግን የሆነው ነገር ጉድለት ሳይሆን ልውውጥ መሆኑን፣ በእርሱም ላይ ብቻ ያልደረሰ መሆኑን ይነግረዋል። ስለዚህ መምህሩ ልማዱን ማናናቅ አይገባውም፤ ሕፃኑን አጽናንቶ ለትምህርት የሚያዘጋጅ ነውና።

ይሁን እንጂ ጥርስን የሚመለከት ልማድ ሁሉ እንደዚህ ጉዳት የሌለው አይደለም። ተቅማጥ ወይም ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ለማዳን በሚል እምነት ድድን ሰንጥቆ ያልበቀለ የወተት ጥርስ ማውጣት ደም መፍሰስንና ቁስለትን ያስከትላል፤ ከሥሩ በመፈጠር ላይ ያለውንም ቋሚ ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አማካይነት በሕይወትና በጤና ላይ ለሚፈጸሙ ወንጀሎች ራሱን የቻለ ምዕራፍ መድቧል። መምህሩ ሁለቱን ለይቶ፣ የሚያጽናናውን ማክበር፣ የሚጎዳውን መቃወም ይኖርበታል።

፪. ጥርሱ ለምን ይወልቃል?

የወተት ጥርሶች ቁጥራቸው 20 ነው። በስድስት ወር ዕድሜ ገደማ መብቀል ጀምረው እስከ ሦስት ዓመት ይሟላሉ። ከእነርሱ በታች በመንጋጋው አጥንት ውስጥ ቋሚዎቹ ጥርሶች ቀስ በቀስ ይፈጠራሉ። ቋሚው ጥርስ ወደ ላይ በመጣ መጠን የወተቱ ጥርስ ሥር በልዩ ሕዋሳት እየሟሟ ያልቃል፤ በመጨረሻም የሚይዘው በማጣቱ ይወልቃል። ወልቆ የሚታየው ጥርስ ሥር የሌለው መስሎ የሚታየውም ስለዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚወልቁት የታችኛዎቹ ሁለት የመካከል ጥርሶች ሲሆኑ፣ ለውጡ የሚያበቃው በ12 ዓመት ገደማ ነው።

፫. ሳይታወቅ የሚመጣው ጥርስ

«የወተት ጥርስ ለማንኛውም የሚወልቅ ስለሆነ ቢበሰብስም ግድ የለም» የሚለው አስተሳሰብ በሁለት ምክንያት ስሕተት ነው። አንደኛ፣ የወተት መንጋጋ ጥርሶች እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ድረስ ምግብ የሚታኘክባቸውና ለተተኪዎቻቸው ቦታ የሚጠብቁ ናቸው። ያለ ጊዜያቸው ከጠፉ ጎረቤቶቻቸው ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ተተኪውም ጠማማ ሆኖ ሊበቅል ይችላል።

ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት የሚከተለው ነው። በስድስት ዓመት ገደማ ከወተት መንጋጋዎች በስተኋላ አራት ቋሚ መንጋጋዎች፣ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች ይበቅላሉ። በማንም ጥርስ ቦታ የሚተኩ ስላልሆኑ ከመምጣታቸው በፊት የሚነቃነቅ ጥርስ የለም፤ የሚፈስ ደም፣ ወደ ጣሪያም የሚወረወር ነገር የለም። ስለዚህ ወላጅ ከወተት ጥርሶች እንደ አንዱ ይቆጥራቸዋል፤ ሲበሰብሱም «ይወልቃል፣ ሌላ ይተካል» ብሎ ይተዋል። ነገር ግን ሌላ አይተካም። በላያቸው ያሉት ጥልቅ ስንጥቆች የምግብ ትራፊ የሚይዙ ሲሆኑ፣ ከአፍ ጥግ በመሆናቸው መፋቂያም ሆነ ብሩሽ በቀላሉ አይደርስባቸውም። በዚህ ምክንያት ከቋሚ ጥርሶች ሁሉ በቶሎ ለመበስበስ የተጋለጡት እነርሱ ናቸው።

፬. በክፍል ውስጥ

ይህን ጥርስ መለየት አስቸጋሪ አይደለም። ከፊት መካከል ጀምሮ ወደ ኋላ ሲቆጠር ስድስተኛው ጥርስ እርሱ ነው። «ስድስተኛው ጥርስ በስድስት ዓመት» ብሎ ማስተማር ለማስታወስ ይረዳል። መምህሩ የሚከተሉትን ተግባሮች በየተራ ሊያሠራ ይችላል።

ሀ) ተማሪዎች በትንሽ መስተዋት ወይም በቤታቸው ከታላላቆቻቸው ጋር ሆነው፣ ጣት ሳያስገቡ፣ ጥርሳቸውን ይቁጠሩ። ጥርስ የወለቀበት ክፍተትም እንደ አንድ ይቆጠር። በእያንዳንዱ የአፍ ሩብ አምስት ከሆነ 20፣ ስድስት ከሆነ 24 ይሆናል፤ ይህም የሂሳብ ልምምድ ነው።

ለ) የወለቁ ጥርሶች በወር በወር የሚመዘገቡበት ሠንጠረዥ በግድግዳ ላይ ይሰቀል። የአንዳንዱ ልጅ ጥርስ በአምስት፣ የሌላው በሰባት ዓመት መውለቅ ስለሚጀምር፣ የዘገየው እንዳያፍር መምህሩ አስቀድሞ ያስረዳ።

ሐ) ተማሪዎች አያቶቻቸው ጥርሳቸውን ሲወረውሩ ምን ይሉ እንደነበር ጠይቀው በክፍል ይተርኩ። ይህ ለቋንቋ ትምህርት የሚጠቅም ከመሆኑም በላይ ቤተ ሰቡን የትምህርቱ ተካፋይ ያደርገዋል።

መ) አፋፋቅ በሚሠለጥንበት ጊዜ ሥራው ከኋላ ጥርሶች ይጀመር።

በማሠልጠኛ ኮሌጅ ያሉ እጩ መምህራንም ይህን ርእስ ለማስተማር ልምምዳቸው ቢመርጡት፣ ሳይንስን፣ ሂሳብንና ቋንቋን በአንድነት አዋሕዶ ለማቅረብ አመቺ ሆኖ ያገኙታል።

መደምደሚያ

የጣሪያው ልማድ ሕፃኑ ስለሚሄደው ጥርስ እንዳያዝን ያደርገዋል። የትምህርት ቤቱ ድርሻ ደግሞ የሚመጣውን እንዲጠብቅ ማስተማር ነው። የመጀመሪያው ጥርስ ወደ ጣሪያ በተወረወረበት ቀን ወላጅ የልጁን አፍ ከፍቶ እስከ ጥጉ እንዲመለከት ከተነገረው፣ ከጥንት የወረስነው ልማድ ራሱ የጤና ማስታወሻ ይሆናል። ለዚህም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እስከ ስድስት የሚቆጥር ልጅና ጊዜውን የሚያውቅ መምህር ይበቃሉ።