ቴሌግራም ዴስክቶፕ፦ የቻናል አዘጋጁ የሥራ ጠረጴዛ

ክፍት የሥራ ቦታ የሚፈልግ፣ የልጁን የፈተና ፕሮግራም የሚጠባበቅ ወይም የዕለቱን ዜና የሚከታተል ብዙ ኢትዮጵያዊ ዛሬ መጀመሪያ የሚከፍተው ቴሌግራምን ነው። ከእያንዳንዱ ቻናል ጀርባ ጽሑፍ የሚተይብ፣ ፎቶ የሚመርጥ፣ ስሕተት የሚያርምና የአንባቢ ጥያቄ የሚመልስ ሰው አለ። ይህን ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በገዛ ስልኩ ነው። የዘመድ ግሩፕ፣ የጓደኛ ጨዋታና የመሥሪያ ቤቱ ቻናል እዚያው ተደበላልቀዋል፤ ለቤተሰብ የታሰበ ፎቶ ሺዎች በሚያዩት ቻናል ላይ የሚወጣውም ከዚህ የተነሣ ነው። ለዚህ ሰው የሚገባው መሣሪያ ቴሌግራም ዴስክቶፕ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ ፕሮግራም።

ከስልኩ በምን ይለያል?

ቴሌግራምን የመሠረቱት ወንድማማቾቹ ፓቬልና ኒኮላይ ዱሮቭ ናቸው። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀመረ፤ ቻናል የመጣው በ2015 ነው። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ ይሠራል። ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ሙያው ያለው ሁሉ ውስጡን ሊመረምረው ይችላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። መደበኛ የቴሌግራም መልእክት የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ስልኩን ሳይጠብቅ በቀጥታ ከሰርቨሩ ጋር ይገናኛል። መጀመሪያ በስልክ ቁጥርና በሚላክ ኮድ፣ ወይም በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ኪውአር ኮድ በስልክ በማንበብ ይገባል። ከዚያ በኋላ የስልኩ ባትሪ ቢያልቅ እንኳ ሥራው አይቆምም። ዋትስአፕ በ2015 ወደ ኮምፒውተር ሲመጣ ግን ስልኩ በርቶ ኢንተርኔት ላይ ካልሆነ አይሠራም ነበር። ቴሌግራም የሚሰጠው ምቾት ግን ዋጋ አለው፤ በሰርቨር ላይ የሚቀመጥ መደበኛ መልእክት በላኪና በተቀባይ ብቻ የሚፈታ ምሥጢር አይደለም። ለዚያ የተሠራው ሚስጥራዊ ቻት በዊንዶውሱና በሊኑክሱ ፕሮግራም ላይ የለም።

የአዘጋጁ መሣሪያዎች

ፕሮግራሙ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እስከ 3 አካውንት በአንድ ላይ ይይዛል። የግሉንና የመሥሪያ ቤቱን በተለያየ ስልክ ቁጥር የከፈተ ሰው ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው መግባት ሳያስፈልገው ያፈራርቃቸዋል። አንድ አካውንት ብቻ ያለው ደግሞ በፎልደር ይለያል፤ ቻናሎቹን በአንዱ፣ የደንበኞችን ጥያቄ በሌላው፣ የቤተሰቡን በሦስተኛው።

ከሁሉ ይበልጥ ሥራ የሚያቀለው ቀጠሮ መያዝ ነው። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ የመላኪያውን ምልክት በማውዙ ቀኝ ሲጫኑ ቀንና ሰዓት የመምረጫ ዝርዝር ይመጣል። ዓርብ ከሰዓት የተዘጋጀ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በራሱ ይወጣል፤ ቀጠሮው ሰርቨሩ ላይ ስለተያዘ ኮምፒውተሩ ቢዘጋም ችግር የለም። ሆኖም ፕሮግራሙ የሚከተለው የኮምፒውተሩን ሰዓት ነው፤ በእኛ ጠዋት 1 ሰዓት በእርሱ 7፡00 መሆኑን መርሳት ማስታወቂያውን በ6 ሰዓት ያዛባዋል። ለአንድ ቻናል እስከ 100 መልእክት፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ቀጠሮ መያዝ ይቻላል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ያለ ድምፅ መላክ የሚል ምርጫ አለ፤ እኩለ ሌሊት ላይ የሚወጣ መረጃ ተከታዩን ከእንቅልፉ እንዳይቀሰቅስ ይጠቅማል።

ሰፊው ኪቦርድም ለአማርኛ ጸሐፊ ትልቅ ጥቅም ነው። ረጅም ጽሑፍ ሙሉውን እያዩ ማረም፣ ኮንትሮልን ከቢ ጋር ተጭኖ ርእስን ማድመቅ፣ ፋይል ከፎልደሩ ጎትቶ መጣል ይቻላል። ጽሑፉ ግን በዩኒኮድ የተተየበ መሆን አለበት። በጥንቶቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ የማይነበብ ምልክት ይሆናል።

ሥልጣኑን ማካፈል

በየመሥሪያ ቤቱ የሚያሳስበኝ ልማድ አንድ ስልክ ወይም አንድ የመግቢያ ኮድ ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል ነው። ማን ምን እንደለጠፈ አይታወቅም፤ የሚጠየቅም የለም። ቴሌግራም ይህን የሚያስቀር ሥርዓት አለው። አንድ ቻናል እስከ 50 አድሚን ሊኖረው ይችላል፤ ሁሉም በየራሱ አካውንት ይገባል። ለአንዱ መለጠፍ ብቻ፣ ለሌላው ማረምና ማጥፋት ጭምር መፍቀድ ይቻላል። ያለፉት 48 ሰዓታት የአድሚኖች ሥራ በመዝገብ ይታያል። ሠራተኛ ሲለቅ ፈቃዱን ማንሳት ይበቃል።

የቻናሉ ባለቤትነት ግን የአንድ አካውንት ነው። ያ አካውንት በአንድ ሠራተኛ የግል ሲም ካርድ ከተከፈተ፣ ሰውየው ሲሄድ ቻናሉ ከእርሱ ጋር ይሄዳል። ባለቤትነትን ለሌላ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ለዚህም ከሚላከው ኮድ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ቢያንስ 7 ቀን ቀድሞ መብራት አለበት። ስለዚህ ዝግጅቱ በመሰነባበቻው ቀን የሚጀመር አይደለም።

ጥንቃቄው

ኮምፒውተር ከስልክ ይልቅ የብዙ እጅ ነው። ቴሌግራም ዴስክቶፕ የመግቢያ መረጃውን በአንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ ያንን ፎልደር የቀዳ ሰው ወይም ቫይረስ ያለ ምንም ኮድ አካውንቱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። መከላከያው በፕሮግራሙ ሴቲንግ ውስጥ የመቆለፊያ ቁጥር ማስገባት ነው፤ የተቀመጠው መረጃ በዚያ ይመሰጠራል። ፕሮግራሙን ከቴሌግራም የራሱ ድረ ገጽ ብቻ ማውረድ ይገባል፤ በተመሳሳይ ስም የተሠሩ አስመሳይ ገጾች ቫይረስ ያስጭናሉና። ኢንተርኔት ቤት የገባ ሰው ሥራውን ሲጨርስ መስኮቱን መዝጋት አይበቃውም፤ ከአካውንቱ መውጣት አለበት። ከረሳም በስልኩ ላይ የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ከፍቶ ያንን ኮምፒውተር ማስወጣት ይችላል።

መሣሪያ ያልፋል

እንዲህ ያለ ፕሮግራም ዕድሜው በባለቤቱ ፈቃድ ይወሰናል። የትዊተርን ገጾች ጎን ለጎን በዓምድ የሚያሳየውን ትዊትዴክን እንግሊዛዊው ኢያን ዶድስዎርዝ በ2008 ሠራው፤ በብዙ ጋዜጠኞችም ዘንድ ተወዳጅ ሆነ። ትዊተር በ2011 ገዛው፤ የዊንዶውሱን ፕሮግራም በ2016፣ የማኩን በ2022 ዘጋው። በ2023 ደግሞ በድረ ገጽ የቀረው አገልግሎት ከፍሎ ለተመዘገበ ብቻ ሆነ። ሥራቸውን በእርሱ ላይ ያደራጁ ሰዎች ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረባቸው።

ቴሌግራም ዴስክቶፕ ሥራን ከእንዲህ ያለ አደጋ ለማዳን የሚረዳ መሣሪያ ከ2018 ጀምሮ በውስጡ ይዟል። የቻናሉን ጽሑፎች ከነፎቶና ከነፋይላቸው ወደ ኮምፒውተር ማውጣት ይቻላል፤ የወጣው ቅጂ ያለ ኢንተርኔት በማንኛውም ብራውዘር ይነበባል። በአማርኛ የሚጻፍ ብዙ ዜና፣ ትምህርትና ውይይት ዛሬ የሚገኘው በቻናሎች ላይ ብቻ ነው። ቻናሉ ከተሰረዘ ወይም ከተሰረቀ ያ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ቻናል የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ የአድሚኖቻችሁን ፈቃድ ለዩ፣ ፕሮግራሙን ቆልፉ፣ በየወሩም አንድ ቅጂ አውጥታችሁ ከኢንተርኔት ውጭ አስቀምጡ።