«ተመችቶሻል» ከማለታችን በፊት

እህቴ፣ ሉፐስ ካለብሽ ይህን ሳትሰሚ አልቀረሽም። ከአምልኮ ስትወጪ አንዷ ጉንጭሽን ስማ፣ «ወፈርሽ እኮ! ተመችቶሻል!» ትልሻለች። በቅን ልብ ነው። ፊትሽን የሞላው ግን ምቾት ሳይሆን ፕሬድኒሶሎን ሊሆን ይችላል።

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ አካሉን እንደ ጠላት የሚወጋበት ሕመም ነው። ከአሥር ሕመምተኞች ዘጠኙ ያህል ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በመውለጃ ዕድሜያቸው ላይ ይታመማሉ። ስለ መገጣጠሚያው፣ ስለ ቆዳው፣ ስለ ኩላሊቱ ይነገራል። ስለ ልብ ግን እምብዛም። በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፒትስበርግ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ35 እስከ 44 ዓመት ያሉ ሉፐስ ያለባቸው ሴቶች ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚያጋጥማቸው ከእኩዮቻቸው ከ50 እጥፍ በላይ ነበር። አትደንግጪ፤ በዚያ ዕድሜ ሕመሙ ብርቅ ስለሆነ ሁሉም ይያዛሉ ማለት አይደለም።

ሕመሙ የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ እያስቆጣ ስብ እንዲለጠፍበት ያደርጋል። ኩላሊት ከተነካ ደም ግፊት ይከተላል። ፕሬድኒሶሎንም በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ስኳርንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ስብንም በሆድ ዙሪያ ያከማቻል።

ታዲያ ልጣለው? በፍጹም! በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል። ተጸልዮልሽ «ተፈውሻለሁ» ብትዪም እንኳ ሐኪምሽ ሳያይሽ አትተዪው። (የተፈወሰች ሴት ምርመራ ምን ያስፈራታል?) መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንሰው እርሱ ነው። ቀድሞ ለወባ ይሰጥ የነበረው ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ከታዘዘልሽም አትሰልቺው፤ ሉፐሱን ከማስታገሱ ሌላ ስኳርንና ኮሌስትሮልን ዝቅ ለማድረግ ይረዳል። ዓይንሽን ግን በየጊዜው ታዪ። ለቀጠሮ ስትሄጂ ግፊትሽን፣ ስኳርሽን፣ ኮሌስትሮልሽንና ሽንትሽን እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ወገብሽም ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ንገሪያቸው።

ወንድሜ፣ አንተስ? የወጡ ጨውና ዘይት ለእርሷ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ይቀነስ። አብረሃት በእግር ሂድ፤ ፀሐይ ሕመሙን ስለሚቀሰቅስ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን። ደረቷን ሲጨንቃት፣ ሲያልባት፣ ትንፋሽ ሲያጥራት ግን «ጨጓራ ነው» ብለህ አታሳድራት። ሠላሳ ዓመቷም ቢሆን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል አድርሳት። ተረኛው ሐኪም በዕድሜዋ ልቧን ላይጠረጥር ስለሚችል፣ ገና ከበሩ «ሉፐስ አለባት» በለው።