ፍሬን የሌለው ይሻለኛል

ባለፈው የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ እውነት ያ ሳይክል ፍሬን የለውም?»

የለውም። ማርሽ መቀያየሪያም የለውም። የኋላ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉ ይዞራል፤ እግርን አሳርፎ መንሸራሸር ብሎ ነገር የለም። ደከመኝ ብሎ እግሩን ድንገት ሊያቆም የሞከረን ሰው ፔዳሉ እየጎተተ ያዞረዋል፣ ሲብስም ከኮርቻው ብድግ ያደርገዋል። ፍጥነት ለመቀነስ ፔዳሉን በእግር መያዝ፣ ወይም ወደ መወዳደሪያው ሜዳ ዘመም ያለ የላይኛ ጠርዝ መውጣት ነው። ሌላ ዘዴ የለም።

ባለቤቴ ይህን የሰማች ቀን «በሃምሳ ሰባት ዓመትህ ፍሬን ያለው ጠፍቶ ነው?» አለችኝ። ፍርሃቷ ይገባኛል። የእኔ ሐሳብ ግን ተቃራኒው ነው። ዕድሜው ለገፋ ተወዳዳሪ አስጊው ፍሬን ያለው ውድድር ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እዚህ ሲያትል አካባቢ የምወዳደረው በሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ክራይቴሪየም ይባላል፣ እኛ ባጭሩ ክሪት እንለዋለን። ለመኪና የተዘጋ አጭር መንገድ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እየተመላለሱ መዞር ነው። ቀድሞ የሚነገረው ርቀቱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው፤ አርባ ደቂቃ ይባልና ወደ መጨረሻው ስንት ዙር እንደቀረ በሰሌዳ ይታያል። ሌላው የቬሎድሮም ውድድር ነው፤ ፍሬን የሌላቸው ሳይክሎች ለዚሁ በተሠራ ሜዳ ላይ የሚወዳደሩበት። የእኛው ሬድመንድ ከተማ፣ ሜሪሙር ፓርክ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1975 የተሠራ፣ ዙሪያው 400 ሜትር የሆነ የኮንክሪት ሜዳ ነው፤ ኩርባዎቹ 25 ዲግሪ ያህል ዘመም ያሉ ናቸው። ኦሊምፒክ ላይ የምታዩት ከእንጨት የተሠራውና 250 ሜትር የሆነው ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚያዘም ግድግዳ ላይ የሚነዱ ነው የሚመስለው፤ የእኛ ለጀማሪም ለሽማግሌም ይራራል። ጣሪያ ስለሌለው ዝናብ ከመጣ ውድድር የለም። ሲያትልን ደግሞ ታውቋታላችሁ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለሳይክል ውድድር እንግዶች አይደለንም። ገረመው ደንቦባ ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ የተወዳደረው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኗል። ያ ሁሉ ግን የጎዳና ውድድር ነው። ቬሎድሮም ሲባል ብዙዎቻችን ዓይናችን ላይ የሚመጣ ነገር ስለሌለ ነው ጥያቄው የበዛው።

ወደ ክሪቱ ልመለስ። ክሪትን የሚያከብደው ኩርባው ነው። አንዱ ዙር አራት መታጠፊያ ካለው፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቡድን በአርባ ደቂቃ ውስጥ ከመቶ ጊዜ በላይ ይታጠፋል። ፊት ያሉት ፍሬን ሳይነኩ ይታጠፋሉ። አስረኛው ትንሽ ይነካል። ሠላሳኛው ጋ ሲደርስ ሰው ሊቆም ምንም አይቀረው። ከመታጠፊያው ሲወጡ ፊተኞቹ ሄደዋል፤ ኋለኛው ከኮርቻው ተነስቶ፣ ጥርሱን ነክሶ ክፍተቱን መዝጋት አለበት። ዘጋሁ ብሎ ሲቀመጥ ቀጣዩ መታጠፊያ ደረሰ። በአንድ ውድድር፣ በአንድ ፍጥነት፣ ፊት ያለው ሰው ረጋ ባለ ልብ ሲነዳ ኋላ ያለው መቶ ጊዜ ይፈነዳል።

ዕድሜ ቀድሞ የሚወስደው ደግሞ ይቺኑ ፍንዳታ ነው። ስናረጅ አስቀድመው የሚሳሱት ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ናቸው፤ ለረጅም ጉዞ የሚያገለግሉት ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። የልብ ምትም ጣሪያው ይወርዳል። በተለምዶ የሚጠቀሙበት ስሌት ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 መቀነስ ነው። በዚህ ስሌት የሃያ አምስት ዓመት ልጅ በደቂቃ 190 ገደማ ሲመታ የእኔ 168 ላይ ያበቃል። ከሰው ሰው ቢለያይም አቅጣጫው ያው ነው። ከሁሉም የሚከፋው ግን ማገገሙ ነው። ከአንድ ስፕሪንት በኋላ ወጣቱ አንድ ቀጥታ መንገድ ሳይጨርስ ትንፋሹ ሲመለስ እኔ ገና አፌን ከፍቼ ነኝ።

እሺ፣ ከኋላ መሆን እንዲህ ከሆነ ለምን ፊት አትሆንም ትሉኛላችሁ። ፊት ንፋስ አለ። ከሰው ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ወደ ሲሶ የሚጠጋ ጉልበት ይቆጥባል። ስለዚህ ሁሉም የሚፈልገው አንድ ቦታ ነው፦ ከአምስተኛ እስከ አስረኛ። ሁሉም የሚፈልገው ቦታ ላይ ደግሞ ክርን ለክርን መነካካት፣ መጯጯህ፣ ወደ ኩርባ ሲገባ ከውስጥ በኩል ዘሎ መግባት አለ። በመጨረሻዎቹ አምስት ዙሮች ይሄ ሁሉ እጥፍ ይሆናል። አንዱ ፍሬኑን ጨምድዶ ሲይዝ የኋላው ጎማው ላይ ይወጣል፣ ከእሱ ኋላ ያለውም ይከተላል። ከትከሻ ወደ አንገት የምትሄደው ቀጭን አጥንት በሳይክል ውድድር በብዛት ከሚሰበሩት አንዷ ናት። የሃያ ዓመት ልጅ በበጋው መጨረሻ ተመልሶ ይመጣል። በእኛ ዕድሜ ግን ስብራት ቀስ ብሎ ነው የሚገጥመው፤ ሻንጣ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ትከሻው እንጀራው ነው። እኔ አየር ማረፊያ ነው የምሠራው።

አሁን ቬሎድሮሙን አስቡት። ማንም ፍሬን ስለሌለው ማንም ድንገት ሊቆም አይችልም። ይሄ ነው ሚስጥሩ። ከፊቴ ያለው ሰው ፍጥነት ቢቀንስ ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው፤ እግሩ ላይ አየዋለሁ። መታጠፊያው ራሱ አጋድሞ ይቀበልሃል እንጂ ጠርዝ ያለው አስፋልት፣ የውኃ ቱቦ ክዳን፣ አሸዋ የለም። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ ወደ ግራ ነው የሚዞረው። ማለፍ በውጭ፣ በቀኝ በኩል ነው። ከታች ባለችው ጥቁር መስመርና ከእሷ በላይ ባለችው ቀይ መስመር መካከል ሰው ካለ በውስጥ በኩል ሾልኮ ማለፍ አይፈቀድም። ሕጉን የሚጥስ ካለ ዳኛው ሜዳው መሃል ቆሞ ሁሉንም ያያል። መውደቅ የለም አላልኩም፣ አለ፤ ኮንክሪት ቆዳ ይልጣል። ነገር ግን ሰውን እንደ ክሪት በጅምላ ሲጥል ብዙ አላይም።

ሌላው ደስ የሚለኝ የውድድሩ ብልሃት ነው። በተለይ ማጣሪያ የሚባለው ውድድር። በእኛ ሜዳ በየዙሩ የመጨረሻ የሆነው አንድ ሰው ይወጣል። የሚታየው የፊት ጎማ ሳይሆን የኋላ ጎማ ነው፦ መስመሩን ከሁሉ በኋላ ያለፈው የማን የኋላ ጎማ ነው? ወጣቶቹ ፊት መሆን ዋስትና ይመስላቸውና ንፋሱን እየገፉ ይቃጠላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ አጭሩ መንገድ ከታች ነው ብለው ጥቁሯ መስመር ላይ ይለጠፋሉ፤ መውጫ ሲያስፈልጋቸው በቀኝ በኩል ግድግዳ የሆነ ሰው አለ፣ ከፊትም ሰው አለ፣ በውስጥ ማለፍ ክልክል ነው። ታሰሩ ማለት ነው።

አንድ ወደ ሰባ የሚጠጉ ሰውዬ አሉ፤ የዚህን ጨዋታ ጥበብ ከእሳቸው ነው ያየሁት። ከቡድኑ መሃል ላይ፣ ግን አንድ ሰው ያህል ወደ ላይ ወጣ ብለው ይነዳሉ። ትንሽ ንፋስ ይመታቸዋል፣ ግን ማንም አያስራቸውም። ኩርባው ላይ ከፍ ይላሉ፣ ወደ ቀጥታው ሲወጡ ቁልቁለቱን ይጠቀሙና እግራቸው ሳይደክም ፍጥነት ይጨምራሉ። በየዙሩ ከአንድ ሰው ብቻ፣ በአንድ ክንድ ብቻ ይቀድማሉ። ማይክሮፎኑ ቁጥር እየጠራ ሌላውን ሲያስወጣ ፊታቸው አይለወጥም። አምስት ሰው ሲቀር ጉልበት ያለቀበት ማን እንደሆነ ከትከሻው መወዛወዝ ይለዩታል፤ ከዚያ ሰው ኋላ አይቀመጡም። ለምን ሲባሉ፣ እሱ ሲዝል ክፍተቱን የምዘጋበት እግር የለኝም ይላሉ።

ክሪትን ጨርሶ ትቻለሁ ማለቴ አይደለም። ማስተርስ የሚባለው፣ ከ35 ዓመት በላይ በየዕድሜ እርከን የሚከፈለው ምድብ ሲኖር እገባለሁ። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ሰኞ ሥራ የሚገባ ነው፤ ኩርባ ላይ ይሉኝታ አለ። ስለ ዕድሜ ምድቡ ካነሳሁ አይቀር፦ የውድድር ዕድሜ የሚቆጠረው በዓመቱ መጨረሻ፣ ዲሴምበር 31 ላይ በሚሞላው ነው። እንደ እኔ በስደት ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ተወልደሃል የተባለ ሁሉ ደስ ይበለው፤ የትኛውም ወር ብንወለድ ለዳኛው አንድ ነው።

ክሪት ላይ የምወደው ሌላ ነገር ፕሪም ነው። መሃል ላይ ደወል ይደወልና በቀጣዩ ዙር መስመሩን ቀድሞ ያለፈ ትንሽ ሽልማት ያገኛል። ገንዘብ ሊሆን ይችላል፣ ከመነዳሪም ሊሆን ይችላል። አንዴ ሁሉም ለመጨረሻው ጉልበቱን ሲቆጥብ እኔ ብቻዬን ሄጄ ወሰድኩ። አንድ ከረጢት ቡና ሰጡኝ። አገላብጬ ሳየው ይርጋጨፌ ይላል። አብሮኝ የሚስቅ ሰው አጠገቤ አለመኖሩ ነው የቆጨኝ።

አንዳንዶቻችሁ «በዚህ ዕድሜ መጀመር ይቻላል?» ብላችኋል። ፈረንሳዊው ሮቤር ማርሻን እ.ኤ.አ. በ2012፣ በመቶ ዓመታቸው፣ ቬሎድሮም ላይ በአንድ ሰዓት 24.25 ኪሎ ሜትር ነዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ርቀቱን 26.927 አደረሱት። አሻሻሉ ማለት ነው! ቬሮኒክ ቢያ የተባለች የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪ ሥልጠናቸውን ተከታትላ፣ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በ101 እና በ103 ዓመታቸው መካከል በኪሎ ግራም በደቂቃ ከ31 ወደ 35 ሚሊ ሊትር ከፍ ማለቱን አሳይታለች። በ105 ዓመታቸው ደግሞ 22.547 ኪሎ ሜትር ነዱ። እኚህን ሰው ጠቅሼ ማንንም ልገፋፋ አይደለም፣ እሳቸው እሳቸው ናቸው። ግን «አልፎብኛል» የሚለው ክርክር ከእሳቸው በኋላ ትንሽ ይከብዳል።

ከእኔ የምትወስዱት ካለ ይሄን ነው፦ ከኪሎ ሜትር ይልቅ ክብደት ማንሳት ላይ አተኩሩ። ፈጣኖቹን ክሮች የሚያቆየው እሱ ነው፤ ሳይክል ደግሞ ሰውነት ተቀምጦ የሚሠራው ስለሆነ አጥንት አያጠነክርም፣ ለዓመታት የነዱ ሰዎች የጀርባ አጥንታቸው ብዙ ጊዜ ሳስቶ ይገኛል። በሳምንት ከባድ ልምምድ ሁለት ቀን ይበቃል። የሌሊት ፈረቃ ያለባችሁ ከፈረቃ ማግሥት ከባድ አትንዱ፤ እንቅልፍ ያልጠገበ እግር ምንም አይማርም። ውድድር ከመግባታችሁ በፊት ልባችሁን ሐኪም ይየው። ይሄኛው ላይ ቀልድ የለም።

ሳይክል መግዛት አያስፈልግም። ሜሪሙር ለጀማሪዎች ሥልጠና ይሰጣል፣ የሜዳውን ሳይክልም ያከራያል፤ የጭንቅላት መከላከያችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ነገር ነው የሚከብደው። አንዱ ሲጨርሱ መቆም ነው፦ ፍጥነቱ እስኪሞት ሁለት ዙር በዝግታ ዞራችሁ ወደ አጥሩ ተጠግታችሁ ትይዙታላችሁ። ሌላው ኩርባው ነው። ዓይን ወደ ታች፣ ወደ ኮንክሪቱ ያያል፣ እጅም ይከተለዋል። ከፊታችሁ ያለውን ሰው ጎማ አትዩ፤ ዳሌውን እዩ። ሊቀንስ ሲል ዳሌው ቀድሞ ይናገራል።